መብራት ሲሄድ ማን ያውቃል? የኤሌክትሪክ መቋረጥና የደንበኞች ሂሳብ አሠራር ከሰሃላ እስከ አዲስ አበባ

በአገራችን «የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋረጠ» የሚል ሰው ብዙም አያጋጥምም፡፡ «መብራት ሄደ» ነው የሚባለው፡፡ ሲመለስም «መጣ!» ብለው የሚጮሁት የሰፈር ልጆች ናቸው፡፡ አነጋገሩ መብራትን እንደ እንግዳ የሚያስቆጥር ነው፡፡ የሚሄደውም የሚመጣውም በራሱ ፈቃድ ይመስላል፡፡ እውነታው ግን ከዚህ የተለየ ነው፡፡ ለእያንዳንዱ መቋረጥ ምክንያት አለው፣ ለእያንዳንዱ ጥገና ቅደም ተከተል አለው፣ ለእያንዳንዱ ቢል ደግሞ ስሌት አለው፡፡ ደንበኛው ይህንን ካላወቀ በጨለማ የሚያሳልፈው ጊዜ ይረዝማል፣ የማይገባውንም ገንዘብ ሊከፍል ይችላል፡፡

ይህ ጽሑፍ የኤሌክትሪክ አቅራቢው ድርጅት የኃይል መቋረጥንና የደንበኞችን ሂሳብ እንዴት እንደሚያስተናግድ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው፡፡ ለአብነት ዐይናችንን የጣልነው በዋግ ኽምራ፣ በተለይም በተከዜ ቆላ በምትገኘው በሰሃላ ላይ ነው፡፡ በአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት መብራት ሲጠፋ ወሬ ይሆናል፡፡ በመስመር ጫፍ ላይ ላለ ሰው ግን የአንድ ትራንስፎርመር መቃጠል ማለት ወፍጮ ቤት መዘጋት፣ በጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ክትባት ለአደጋ መጋለጥ፣ እናቶች እህል ተሸክመው ሩቅ መንገድ መጓዝ ማለት ነው፡፡

ማን ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው እስከ ዛሬም «መብራት ኃይል» እያለ የሚጠራው ተቋም ስሙንና ቅርጹን በተደጋጋሚ ቀይሯል፡፡ በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ተቋቋመ፡፡ በ1989 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 18/1989 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ሆነ፡፡ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፈለ፡፡ አንደኛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ግድቦችን፣ ማመንጫ ጣቢያዎችን፣ ከፍተኛ የማስተላለፊያ መስመሮችንና ዋና ዋና ማከፋፈያ ጣቢያዎችን ያስተዳድራል፡፡ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሲሆን፣ ኃይሉን ለደንበኛው ያከፋፍላል፣ ቆጣሪ ይተክላል፣ ያነብባል፣ ሂሳብ ይሰበስባል፣ የሠፈር መስመርም ይጠግናል፡፡

ይህ ክፍፍል ለተራው ደንበኛ የቢሮ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፡፡ ሆኖም መብራት ሲጠፋ የሚሰጠው መልስ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው፡፡ ችግሩ ከከፍተኛው መስመር ወይም ከዋናው ማከፋፈያ ጣቢያ ከሆነ የሠፈሩ የጥገና ባለሙያ ከመጠበቅ በስተቀር የሚያደርገው ነገር የለም፡፡ ችግሩ ከትራንስፎርመሩ፣ ከምሰሶው ወይም ወደ ቤት ከሚገባው ገመድ ከሆነ ግን ኃላፊነቱ የአገልግሎቱ ነው፡፡ ከቆጣሪው በኋላ ያለው የቤት ውስጥ መስመር ደግሞ የባለቤቱ ነው፡፡ ቆጣሪው ራሱ በደንበኛው ግድግዳ ላይ ቢሰቀልም የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ፣ ከድርጅቱ ሠራተኛ ውጪ ማንም ሊፈታው አይፈቀድለትም፡፡

ዘርፉን የሚቆጣጠር ሦስተኛ አካልም አለ፡፡ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተብሏል፡፡ ፈቃድ መስጠት፣ የአገልግሎት ጥራትን መከታተል፣ በታሪፍ ጥያቄ ላይ ምርመራ ማድረግ ከሥራዎቹ መካከል ናቸው፡፡

ግድቡ ቅርብ፣ መብራቱ ሩቅ

ዋግ ኽምራ ከትግራይ ጋር በሚዋሰንበት በተከዜ ወንዝ ላይ በአገሪቱ ከታወቁት ግድቦች አንዱ ይገኛል፡፡ የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 75 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ አራት ተርባይኖች አሉት፡፡ በጠቅላላው 300 ሜጋ ዋት ማለት ነው፡፡ የተመረቀው በኅዳር 2002 ዓ.ም. ነበር፡፡ ያኔ አገሪቱ በከፍተኛ የኃይል እጥረት ላይ ስለነበረች፣ ከተሞች በፈረቃ መብራት ሲያገኙ ቆይተው ነበር፡፡

በግድቡና በሐይቁ አቅራቢያ የሚኖር ገበሬ «ውኃው የኛ፣ መብራቱ የሌላ» ቢል አይፈረድበትም፡፡ ይሁን እንጂ ቅርብ መሆን ብቻውን መብራት አያመጣም፡፡ ከተከዜ የሚወጣው ኃይል በ230 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ መቐለ ይሄዳል፡፡ ይህ መስመር በመንደር ላይ ቢያልፍም ከላዩ ገመድ ቀጥሎ ለቤት መጠቀም አይቻልም፡፡ በመጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ገብቶ ወደ 33 ወይም ወደ 15 ኪሎ ቮልት መውረድ አለበት፡፡ ከዚያም በምሰሶ ላይ በሚታየው ትራንስፎርመር ለነጠላ ፌዝ 220፣ ለሦስት ፌዝ 380 ቮልት ሆኖ ወደ ቤትና ወደ ወፍጮ ይገባል፡፡ ማከፋፈያ ጣቢያ ደግሞ ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ በየወረዳው አይሠራም፡፡ በዚህ ምክንያት የገጠር ወረዳዎች ኃይል የሚያገኙት ከሩቅ ጣቢያ በተዘረጋ ረዥም መካከለኛ መስመር ነው፡፡

ረዥም መስመር ሁለት ጣጣ አለው፡፡ የመጀመሪያው ለብልሽት ያለው ተጋላጭነት ነው፡፡ ከመቶ ምሰሶ ይልቅ ከሺህ ምሰሶ አንዱ የመውደቅ ዕድሉ ይበልጣል፡፡ ሁለተኛው የቮልቴጅ መውረድ ነው፡፡ ኃይሉ በሽቦው ላይ እየባከነ ስለሚሄድ በመስመሩ ጫፍ ያለው ደንበኛ 220 ቮልት መሆን ሲገባው 180 ሊደርሰው ይችላል፡፡ የምጣድ ሙቀት በቮልቴጁ መጠን በእጥፍ ድርብ ስለሚቀንስ፣ 3,500 ዋት መስጠት የሚገባው የእንጀራ ምጣድ በ180 ቮልት የሚሰጠው 2,340 ዋት ገደማ ብቻ ነው፡፡ አምፖሉ በርቷል፤ እንጀራው ግን ዐይን አያወጣም፡፡ የወፍጮ ሞተር ደግሞ ቮልቴጁ ሲያንሰው ብዙ ኤሌክትሪክ እየሳበ ይግልና ይቃጠላል፡፡ ስለዚህ «መብራት አለ» ማለት ሁልጊዜ «አገልግሎት አለ» ማለት አይደለም፡፡ የቮልቴጅ መውረድም እንደ መቋረጥ ሁሉ ሪፖርት ሊደረግ የሚገባው ችግር ነው፡፡

መብራት ለምን ይሄዳል?

የመቋረጥ ምክንያቶች በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ፡፡

አንደኛው የታቀደ መቋረጥ ነው፡፡ አዲስ መስመር ለማገናኘት፣ ምሰሶ ለመቀየር፣ ዛፍ ለመቁረጥ ሲባል ሆን ተብሎ ይጠፋል፡፡ ይህ አስቀድሞ በመገናኛ ብዙኃንና በድርጅቱ የማኅበራዊ ገጾች የሚነገር ነው፡፡ ችግሩ ማስታወቂያው የሚደርሰው ኢንተርኔት ላለው መሆኑ ነው፡፡ በገጠር ቀበሌ ከገጽ ይልቅ የቀበሌው ጽሕፈት ቤትና የገበያ ቀን ወሬ ይፈጥናል፡፡

ሁለተኛው የኃይል እጥረት ነው፡፡ የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚገኝ በመሆኑ ዝናብ ሲያንስ ፈረቃ ይመጣል፡፡ በ2001 ዓ.ም. ኢንዱስትሪውንም ቤቱንም ያስጨነቀው ፈረቃ፣ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በማነሱ የታወጀው ፈረቃ የሚታወሱ ናቸው፡፡ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ስላለው፣ ከዚህ በኋላ በአብዛኛው ጥያቄው «ኃይል አለ ወይ?» ሳይሆን «ኃይሉ እደጃችን ይደርሳል ወይ?» የሚል ነው፡፡ ግድብ መሥራትና ያረጀ የሠፈር መስመር መቀየር የተለያዩ ሥራዎች ናቸውና፡፡

ሦስተኛው ብልሽት ነው፡፡ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ከሥሩ ይበሰብሳል፡፡ በክረምት ነፋስና መብረቅ ይመታል፡፡ ቅርንጫፍ በሽቦው ላይ ይወድቃል፡፡ ትልልቅ ወፎች በሁለት ሽቦ መካከል ክንፋቸውን ሲዘረጉ መስመሩን ያጣብቃሉ፡፡ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ሲጫን ፊውዙ ይበጠሳል፤ ፊውዙ በተገቢው ካልተተካ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ራሱ ይቃጠላል፡፡ በበዓል ዋዜማ ሁሉም ቤት ምጣዱን በአንድ ሰዓት ሲጥድ በየሠፈሩ መብራት የሚጠፋው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

አራተኛው የሰው እጅ ነው፡፡ የሽቦና የትራንስፎርመር ዘይት ስርቆት፣ የመኪና ግጭት፣ የግንባታ ማሽን ቁፋሮ እዚህ ውስጥ ይገባሉ፡፡ ለዚህም ነው የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል አውታሮችን ደኅንነት የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 464/1997 የወጣው፡፡ ከሁሉም የከፋው ግን ጦርነት ነው፡፡ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ማስተላለፊያ መስመሮችንና ማከፋፈያ ጣቢያዎችን አውድሟል፡፡ መስመሩ በጦርነት ቀጠና ውስጥ የሚያልፍ በመሆኑም ሰቆጣና ላሊበላን የመሳሰሉ ከተሞች ለረዥም ወራት በጨለማ ቆይተዋል፡፡ መቐለ ራሷ ከብሔራዊ ቋቱ ጋር እንደገና የተገናኘችው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነበር፡፡ ጥገና መሣሪያና ባለሙያ ብቻ የሚበቃው ሥራ እንዳልሆነ ከዚያ ጊዜ የበለጠ ማሳያ የለም፡፡ መንገዱ ሰላም ካልሆነ የጥገና ቡድኑ ከምሰሶው ሥር አይደርስም፡፡

ድርጅቱ መብራት መጥፋቱን በምን ያውቃል?

ብዙ ደንበኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፡፡ «እኛ ጨለማ ውስጥ መሆናችንን ከዚያ ሆነው ያዩናል» ብሎ ይቀመጣል፡፡ በማከፋፈያ ጣቢያ ያለ ተረኛ ሠራተኛ ማየት የሚችለው ከጣቢያው የሚወጣው ዋና መስመር ሲቋረጥ ነው፡፡ መስመሩ በሚዞርበት ወረዳ ሁሉ መብራት ሲጠፋ በጣቢያው ያለው መቁረጫ ስለሚወርድ ወዲያው ይታወቃል፡፡ አንድ ትራንስፎርመር ብቻ ሲቃጠል ግን ከጣቢያው የሚታይ ነገር የለም፡፡ መስመሩ እየሠራ ነው፤ ጭነቱ ትንሽ ቀንሷል፤ በዚህ ብቻ ማንም ምንም አይጠረጥርም፡፡ ወደ አንድ ቤት የሚገባ ገመድ ቢበጠስማ ከባለቤቱ በስተቀር የሚያውቅ የለም፡፡

በመሆኑም በሠፈር ደረጃ የሚደርስ ብልሽት ሥራ ሆኖ የሚመዘገበው ደንበኛው ሲደውል ነው፡፡ ሁሉም «ጎረቤቴ ደውሎ ይሆናል» እያለ ሲጠብቅ ማንም ሳይደውል ያድራል፡፡ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የነፃ ጥሪ ማዕከል ቁጥር 905 ነው፡፡ ሲደውሉ የሚከተሉትን ተዘጋጅቶ መናገር ሥራውን ያቀላጥፋል፡-

- የውል ቁጥር ወይም የሂሳብ ቁጥር፣ ከቢሉ ወይም ከካርዱ ላይ ተነብቦ፤
- መብራት የጠፋው በአንድ ቤት፣ በአንድ ሠፈር ወይም በከተማው በሙሉ መሆኑ፤
- ከጠፋ ስንት ሰዓት እንደሆነው፣ ከመጥፋቱ በፊት ፍንዳታ ወይም ብልጭታ ታይቶ እንደሆነ፤
- የወደቀ ሽቦ ወይም ያዘመመ ምሰሶ ካለ በትክክል የት እንደሆነ፡፡

ጥሪውን የተቀበለው ሠራተኛ ቅሬታውን ሲመዘግብ የተመዘገበበትን ቁጥር መጠየቅና ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በደብተር መያዝ ይገባል፡፡ ሁለተኛ ሲደውሉ «ደውዬ ነበር» ከማለት «በዚህ ቁጥር ተመዝግቧል» ማለት ይሻላል፡፡

በሰሃላና በመሰል ወረዳዎች አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፡፡ የስልክ ማማውም የሚሠራው በኤሌክትሪክ፣ በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ነው፡፡ የኃይል መቋረጡ ሲረዝም ባትሪው ያልቃል፤ ኔትወርክም ይሄዳል፡፡ ከዚያ በኋላ 905 መደወልም ሆነ በስልክ ሂሳብ መክፈል አይቻልም፡፡ መፍትሔው የቆየው ዘዴ ነው፡፡ የቀበሌው ነዋሪ ተሰብስቦ፣ የተቃጠለውን ትራንስፎርመር ቦታ፣ የተጠቃሚውን ብዛት፣ የጤና ጣቢያና የትምህርት ቤት መኖሩን በደብዳቤ ጽፎ፣ በወረዳው ማኅተም አረጋግጦ፣ ለሚቀርበው የአገልግሎት መስጫ ማዕከል በመልእክተኛ ማድረስ ነው፡፡ ኔትወርክ እስኪመለስ ከመጠበቅ መልእክተኛው በእግሩ ይደርሳል፡፡

ጥገናው በማን ይጀምራል?

በየትኛውም አገር የኤሌክትሪክ ድርጅት መብራት የሚመልሰው ከላይ ወደ ታች ነው፡፡ በመጀመሪያ ማስተላለፊያው፣ ቀጥሎ ማከፋፈያ ጣቢያው፣ ከዚያ ዋናው የመካከለኛ መስመር፣ ከዚያ ትራንስፎርመሮች፣ በመጨረሻም የግለሰብ ቤት፡፡ ላዩ ሳይጠገን ታችኛውን መጠገን ትርጉም የለውምና፡፡ በአንድ ደረጃ ላይ ብዙ ብልሽት ሲኖር ሆስፒታል፣ የውኃ መሳቢያና መሰል ተቋማት ይቀድማሉ፤ ከዚያ ብዙ ደንበኛ ያለበት መስመር ይቀድማል፡፡

በረዥም የገጠር መስመር ላይ ብልሽቱን ማግኘት ራሱ ትልቁ ሥራ ነው፡፡ ባለሙያዎች መስመሩን በየክፍሉ እየቆረጡ ይሞክራሉ፡፡ ግማሹን ለይተው ሲያበሩት ከቆመ ችግሩ በዚያኛው ግማሽ ነው ማለት ነው፡፡ እንዲህ እያሉ ካጠበቡ በኋላ የቀረውን በመኪና፣ መኪና በማይደርስበት ገደልና ሸለቆ ደግሞ በእግር ከሽቦው ሥር እየሄዱ ይፈልጋሉ፡፡ በተከዜ ሸለቆ ዳገትና ቁልቁለት ይህ የቀናት ሥራ ሊሆን ይችላል፡፡

የድርጅቶች የአገልግሎት ጥራት በዓለም ዙሪያ የሚለካው በሁለት መለኪያዎች ነው፡፡ አንደኛው አንድ ደንበኛ በዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ መብራት ይጠፋበታል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በአማካይ ስንት ሰዓት ይጠፋበታል የሚለው ነው፡፡ እነዚህ መለኪያዎች ጠቃሚ ቢሆኑም የሚደብቁት ነገር አለ፡፡ በአንድ መስመር ላይ 1,000 ደንበኞች አሉ እንበል፡፡ የሁሉም መብራት ለአንድ ሰዓት ቢጠፋ አማካዩ አንድ ሰዓት ነው፡፡ በመስመሩ ጫፍ ያሉ 10 ቤቶች ብቻ ለ100 ሰዓት ቢጠፋባቸውም አማካዩ ያው አንድ ሰዓት ነው፡፡ በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ በሕይወት ግን እኩል አይደሉም፡፡ ብዙኃኑን ማስቀደም ተገቢ ቢሆንም ጥቂቶቹ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚሆኑ ከሆነ የመስመር ጫፍ ነዋሪ ተራው አይደርሰውም ማለት ነው፡፡ አማካይ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ረዥሙ መቋረጥ የትና ለስንት ቀን ነበር የሚለውም ሊጠየቅ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ቆጣሪውና ቢሉ

የደንበኛ ሂሳብ መሠረቱ ውል ነው፡፡ ውሉ ሲፈረም ደንበኛው ቁጥር ይሰጠዋል፡፡ ቆጣሪው፣ ንባቡ፣ ክፍያው፣ ቅሬታው ሁሉ የሚመዘገበው በዚህ ቁጥር ነው፡፡ ቤት ሲሸጥ ወይም ሲወረስ ውሉ ወደ አዲሱ ባለቤት ስም መዞር አለበት፡፡ ቤት የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት በቁጥሩ ላይ ውዝፍ ዕዳ አለመኖሩን ከአገልግሎት ማዕከሉ ማረጋገጥ ይኖርበታል፡፡ አለበለዚያ የሌላ ሰው ዕዳ እሱን ማነጋገሩ አይቀርም፡፡

ቆጣሪ ሁለት ዓይነት አከፋፈል አለው፡፡ የድኅረ ክፍያ ቆጣሪ በየወሩ ይነበባል፡፡ ስሌቱ ቀላል ነው፡፡ ከዘንድሮው ወር ንባብ ያለፈው ወር ንባብ ይቀነሳል፤ ልዩነቱ የተጠቀሙት ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፡፡ ይህ በታሪፉ ተባዝቶ የወሩ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል፡፡ ቢል ሲደርስ በመጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው ገንዘቡን ማየት ሳይሆን፣ በቢሉ ላይ ያለውን «የአሁን ንባብ» በቆጣሪው ላይ ከሚታየው ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው፡፡ ቢሉ ላይ ያለው ከቆጣሪው ከበለጠ አንባቢው ተሳስቷል ወይም በግምት ተሞልቷል ማለት ነው፡፡

ግምት የሚያስከትለውን ጉዳት በምሳሌ እንመልከት፡፡ ከ1998 ዓ.ም. እስከ 2011 ዓ.ም. ሳይለወጥ በቆየው ታሪፍ የመኖሪያ ቤት ደንበኛ ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በአንዱ 0.2730 ብር፣ ለቀጣዮቹ 50 በአንዱ 0.3564 ብር፣ ከ101 እስከ 200 በአንዱ 0.4993 ብር፣ ከ201 እስከ 300 በአንዱ 0.5500 ብር ይከፍል ነበር፡፡ በየወሩ 90 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ በየወሩ ቢነበብለት የፍጆታው ሂሳብ 27.91 ብር ነው፡፡ ለሦስት ወር 83.72 ብር ይሆናል፡፡ አንባቢው ሁለት ወር ሳይመጣ ቀርቶ በሦስተኛው ወር 270 ኪሎ ዋት ሰዓት በአንድ ቢል ቢያስገባው ግን ሂሳቡ 119.90 ብር ይሆናል፡፡ ቤተሰቡ አንዲት አምፖል ሳይጨምር 36.18 ብር ተጨማሪ ተጠየቀ ማለት ነው፡፡ ተጨማሪው የመጣው ፍጆታው ወደ ከፍተኛው እርከን ስለተገፋ ብቻ ነው፡፡

ታሪፉ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተከልሷል፡፡ በ2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ታሪፍ ወጣ፡፡ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል፡፡ ቁጥሮቹ ቢለወጡም የእርከኑ ጠባይ ያው ነው፤ ብዙ የተጠቀመ በከፍተኛ ዋጋ ይከፍላል፡፡ ዋጋው ሲጨምር ደግሞ የስህተት ንባብ ኪሳራም አብሮ ይጨምራል፡፡ ስለዚህ የተጠራቀመ ቢል የደረሰው ደንበኛ ፍጆታው በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲሰላለት ማመልከት ይገባዋል፡፡

በዚሁ ምክንያት ከአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤተሰብ መጠቀሙ ለድሃው አይበጅም፡፡ እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን በዝቅተኛው እርከን የሚቆይ ተከራይ፣ ከአከራዩና ከሌሎች ጋር ሲደመር ከፍ ባለው እርከን ይከፍላል፡፡ ከጎረቤት በእንጨት ላይ ተጎትቶ የሚመጣ ገመድ ደግሞ ከዋጋው በተጨማሪ ለሕይወትም አስጊ ነው፡፡

ካርድና ባንክ

የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ፣ ሰው «ባለ ካርድ» የሚለው፣ የንባብና የውዝፍ ጭቅጭቅን ያስቀራል፡፡ የገዛኸውን ያህል ትጠቀማለህ፤ ሲያልቅ ራሱ ይቆርጣል፡፡ ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው፡፡ በሌሊት ወይም ከካርድ መሙያው ርቀው ሳሉ ካለቀ የሚለምኑት አንባቢ የለም፡፡ ስለዚህ ባለ ካርድ ደንበኛ መብራት ሲጠፋበት 905 ከመደወሉ በፊት በቆጣሪው መስኮት ላይ የቀረውን ሂሳብ ይመልከት፡፡ ጎረቤት በርቶ እሱ ብቻ ጠፍቶበት ከሆነ በአብዛኛው ከሁለት ነገሮች አንዱ ነው፤ ወይ ሂሳቡ አልቋል፣ ወይ የራሱ መቁረጫ ወርዷል፡፡

አከፋፈሉም ተለውጧል፡፡ ቀድሞ በመብራት ኃይል መስኮት፣ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአዲስ አበባ «ለሁሉ» በተባሉ ማዕከላት ረዥም ሰልፍ ይሰለፍ የነበረው ደንበኛ፣ ዛሬ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክና በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር መክፈል ይችላል፡፡ በስልክ የከፈለ ሰው የማረጋገጫ መልእክቱን አያጥፋ፡፡ ክፍያው በሂሳቡ ላይ ሳይመዘገብ ቀርቶ ሠራተኛ ሊቆርጥ ቢመጣ ማስረጃው እሱ ነውና፡፡

ቅሬታ ሲኖር

የቅሬታ መንገድ ከታች ወደ ላይ ነው፡፡ በመጀመሪያ ውሉ ያለበት የአገልግሎት መስጫ ማዕከል ነው፡፡ መልስ ካልተገኘ ዲስትሪክቱ፣ ከዚያ የክልሉ ጽሕፈት ቤት፣ በመጨረሻም ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ይከተላሉ፡፡ በየደረጃው ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፡፡ ግልባጩ ላይ የተቀበለው ሠራተኛ ፊርማና ቀን ይኑርበት፡፡ አብረው የሚያያዙት ያለፉት ወራት ቢሎች፣ የክፍያ ደረሰኞችና የቆጣሪው ንባብ የሚታይበት ፎቶግራፍ ናቸው፡፡ ቆጣሪው ራሱ ይሮጣል ብሎ የሚጠረጥር ደንበኛ በቤቱ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ይመልከት፡፡ ሁሉ ጠፍቶ ቆጣሪው እየቆጠረ ከሆነ ወይ በግድግዳው ውስጥ የሚፈስ መስመር አለ፣ ወይ ቆጣሪው መመርመር አለበት፡፡

የተቃጠለ ማቀዝቀዣ ወይም ቴሌቪዥን ይዞ የሚከራከር ሰው ብዙ ነው፡፡ መቃጠሉ ከመስመሩ መሆኑን ለማሳየት ጉዳቱ በደረሰበት ሰዓት መመዝገቡ ወሳኝ ነው፡፡ ኒውትራል የሚባለው ገመድ ሲበጠስ ወደ ቤት የሚገባው ቮልቴጅ ከመጠን በላይ ሊወጣ ይችላል፡፡ በአንድ ሠፈር በርካታ ቤቶች በአንድ ሰዓት ዕቃ ከተቃጠለባቸው በጋራ ቢያመለክቱ ይበረታሉ፡፡

ለጥንቃቄ

መብራት ሲሄድ ምጣዱን፣ ምድጃውን፣ ማቀዝቀዣውንና ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ይንቀሉ፡፡ አንዲት አምፖል ብቻ ክፍት ይተዉ፤ መምጣቱን እሷ ትናገራለች፡፡ መብራት ሲመጣ ለጥቂት ደቂቃዎች ቆይተው አንድ በአንድ ይሰኩ፡፡ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ሲሰካ ትራንስፎርመሩ እንደገና ሊወርድ ይችላል፡፡ የማቀዝቀዣውን በር አይክፈቱ፤ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛል፡፡ የወደቀ ሽቦ መብራት ቢጠፋም የሞተ አይምሰልዎ፤ ጥገና ላይ ያሉ ሰዎች በማንኛውም ደቂቃ ሊያበሩት ይችላሉ፡፡ ልጆችንና ከብቶችን ያርቁ፣ ሰው ያስቁሙ፣ ከዚያ ይደውሉ፡፡ ፊውዝ በምስማር ወይም በወፍራም ሽቦ መተካት ዛሬ ያበራል፣ ነገ ቤት ያቃጥላል፡፡

ኤሌክትሪክ ለሁሉም ይዳረሳል የሚለው ዕቅድ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር ኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ ኋላም በ2010 ዓ.ም. በብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ሲገፋ ቆይቷል፡፡ በሁለተኛው ምዕራፉ መስመር የማይደርስባቸው አካባቢዎች ከፀሐይ ኃይል ጭምር እንዲያገኙ ታስቧል፡፡ ለተከዜ ዳር ቆላ የፀሐይ እጥረት የለበትም፤ ቢያንስ ለጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣና ለስልክ ማማ ይህ መንገድ በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል፡፡ መስመር መዘርጋት ግን የሥራው ግማሽ ነው፡፡ የተዘረጋው ሲበጠስ በስንት ቀን ይቀጠላል፣ የተጻፈው ቢል ትክክል ነው ወይ፣ የተጻፈው ማመልከቻስ መልስ ያገኛል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ሌላኛው ግማሽ ናቸው፡፡ የሰሃላ ነዋሪ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው ከአዲስ አበባው ጋር እኩል ነው፡፡ መብራቱ ሲሄድ የሚጠብቀው ጊዜም ሊቀራረብ ይገባዋል፡፡